የፊት ለፊቱ ግድግዳ

ዘርትሁን ቀለም ልትመርጥ የሄደችው ወዳ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ታላቅ ወንድሟ ወንደሰን መኪናውን ደጃፍ አቁሞ ጥሩምባ ሲነፋ፣ እሷ ገና አባቷን አጣጥባ፣ አገላብጣ፣ አጥሚቱን በማንኪያ አጠጥታ መጨረሷ ነበር።

«ቶሎ በይ እንጂ! ጉርድ ሾላ ደርሰን እንመለሳለን» አላት ከመኪናው ሳይወርድ።

ለእሱ ይቀላል። እሷ ከዚያ ቤት ለመውጣት ሁልጊዜ የሰው እጅ ያስፈልጋታል። ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ጎረቤቷን አስያን ጠርታ «እስክመለስ ዓይንሽ ከአባባ አይራቅ፤ ውኃ ካሉሽ ቀና አድርገሽ ነው» ብላ አደራ ሰጠች፤ ሻርፗን ጣል አድርጋ ወጣች።

አባቷ አቶ በላይነህ አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ዓመታት አልፈዋል። አንደበታቸው ይጎተታል እንጂ ልባቸው ሙሉ ነው። ያኔ ሲወድቁ ልጆቻቸው ተሰብስበው መከሩ፤ ምክሩ ግን ገና ከመጀመሩ ያለቀ ነበር። ወንደሰን ሚስትና ልጆች አሉት፤ መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖረው። መካከለኛዋ እህታቸው ሐዋሳ ናት። ዘርትሁን ግን ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፤ ያውም የምትኖረው እዚያው አባቷ ቤት ነው። «አንቺ አለሽ አይደል?» አሏት። አለች። ኮተቤ ታስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት «ለጊዜው» ብላ ለቀቀች። አብሯት ያስተምር የነበረው ሀብቶም ጥቂት ጊዜ ደጅ ጠናት። አብራው ሻይ ለመጠጣት እንኳ ጎረቤት ማስቸገር ነበረባት፤ እሱም ሰው ነውና ሰለቸው። አዳማ ተዛወረ፤ እዚያው ትዳር ያዘ። ለጊዜው የተባለው ነገር እያደር ኑሮ ሆነ።

መኪናው ቁልቁል ወደ ኮተቤ መንገድ ሲወርድ፣ ዘርትሁን በልቧ ስታመላልሰው የሰነበተችውን ነገር አነሣች።

«ጋሼ፣ ሒሩት ደውላልኝ ነበር።»

«የቷ ሒሩት?»

«የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ናት እኮ። መስከረም ላይ ለሁለተኛ ክፍል መምህርት ትፈልጋለች። ነይ፣ ቦታሽን ልያዝልሽ አለችኝ። ለአባባ ቀን ቀን የሚሆናቸው ሰው ብናገኝ…»

ወንደሰን የመኪናውን መሪ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «አሁን ምን ላይ እንዳለን እያየሽ፣ ዘርዬ? መጀመሪያ የሩታ ነገር ይለቅልን። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ይህን «ከዚያ በኋላ» የሚባለውን ታውቀዋለች። ከፋሲካ በኋላ ነበር፤ ከክረምቱ በኋላ ነበር፤ የወንደሰን ሚስት ቀዶ ሕክምናዋን ከጨረሰች በኋላም ነበር። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ከኋላው ቆሞ ይጠብቃል። ፊቷን አዙራ በመስኮት ማየት ያዘች።

የሩታ ነገር የተባለው ይህ ነው። የወንደሰን የመጀመሪያ ልጅ ሩታ የምታገባው ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ወንደሰን «አባቴ በሕይወት እያሉ ሽማግሌ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አልቀበልም፤ ልጄ የምትጠየቀው አያቷ ቤት ነው» አለ። አባት ደስ አላቸው። ቤቱ ግን አርጅቷል። በዚያ ላይ ደጁ በቅርቡ አስፋልት ሆኖ፣ ድሮ በጓሮ የነበረ የሚመስለው ቤት አሁን መንገደኛ ሁሉ የሚያየው ሆነ። ስለዚህ ይቀባ ተባለ።

ቤቱ ከኮተቤ ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ጋራ ወደ ምሥራቅ ዝቅ እያለ በሚሄድበት ተዳፋት ላይ ያለ የጭቃ ቤት ነው። አቶ በላይነህ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳሉ ከሚስታቸው ጋር ሆነው ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠው፣ የባሕር ዛፉን ቋሚ ተክለው፣ ማገሩን መትተው ነው የሠሩት። ከጊዜ በኋላ ፊት ለፊቱና የጎኑ ግድግዳ በሲሚንቶ ተለሰነ፤ ላየው ሰው ብሎኬት ይመስላል። የዘርትሁን እናት በሕይወት ሳሉ ዓመት ዓመት፣ ጳጉሜን ሲገባ ኖራ በጥብጠው ይቀቡት ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ዘርትሁን ትቀባዋለች። ነጭ ሆኖ አዲሱን ዓመት ይቀበላል፤ ክረምት ሲመጣ ይጠቁራል፤ በጋ ሲሆን ይደርቃል። እንዲሁ ሲል ኖሯል።

ጉርድ ሾላ የገቡበት ቀለም ቤት ባለቤት ፍሮምሳ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነበር።

«ለውስጥ ነው ለውጭ?» አላቸው።

«ለውጭ» አለ ወንደሰን። «የሚያብረቀርቅ፣ መኪና ጭቃ ቢረጨው በጨርቅ ተወልውሎ የሚለቅ ይሁን።»

«ግድግዳው ምንድን ነው?»

«በሲሚንቶ የተለሰነ ነው።»

«ከልስኑ ሥር ጭቃ ነው» አለች ዘርትሁን።

ፍሮምሳ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። «ጭቃ ከሆነስ የሚያስተነፍሰው ነገር ይሻለዋል። ወይ ኖራ፣ ወይ ስስ ያለ የውኃ ቀለም። ዘይት ቀለም ያምራል፤ ግን ውኃ አያስገባም፣ የገባውንም አያስወጣም።»

«ውኃ ካላስገባ ሌላ ምን እንፈልጋለን!» ሳቀ ወንደሰን።

«ጣሪያው ያፈሳል፣ ጋሼ። ውኃው የሚገባው ከላይ ነው፤ በክፈፉ በኩል ገብቶ በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል። በኖራ ሲሆን በጋ ላይ ይደርቃል።»

«ጣሪያውንም እናሠራዋለን። ነገር አንድ በአንድ ነው።» ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞረ። «ኖራ እኮ የነካውን ሁሉ ያነጣል፣ ወንድሜ። ሽማግሌዎቹ ሱፍ ለብሰው መጥተው፣ ግድግዳችንን ተደግፈው፣ ከወፍጮ ቤት እንደ ወጣ ሰው ዱቄት ለብሰው ይሂዱ?»

ፍሮምሳ ሳቀ። ዘርትሁንም ሳታስበው ሳቀች። አንዴ ከሳቀች በኋላ ደግሞ መከራከር እንዴት ይሆናል? ወንደሰን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁልጊዜም እንዲህ እያሳቀ ነው የሚያሸንፋት።

«ዓይነቱ ዘይት ይሁን» አለ። «መልኩን ግን አንቺ ምረጪ፤ የምትኖሪበት አንቺ ነሽ።»

ባለሱቁ የመልክ ናሙናዎቹን ዘረጋላት። ጣቷ በእነሱ ላይ ሲሄድ ዓይኗ ከበሩ አጠገብ ተደርድረው ወደ ነበሩት የኖራ ከረጢቶች ይሄድ ነበር። የሚመረጠው ነገር አስቀድሞ ተመርጦ ለእሷ የተረፋት መልኩ ብቻ መሆኑ ገባት። ክሬም የሚሉትን አሳየችው። «ጎሽ! እኔም እሱን ነበር ያሰብኩት» አላት።

ቀቢዎቹ በሳምንቱ መጡ። ልስኑን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረጉ፤ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈኑ፤ ከዚያ ሩሎ እየነከሩ ፊት ለፊቱንና ከመንገድ የሚታየውን ጎን ሁለቴ ቀቡት። ከኋላ፣ በማድ ቤቱ በኩል ያለውስ ብላ ስትጠይቅ ወንደሰን «ከኋላ ማን ያየዋል?» አለ። ያኛው ግድግዳ ልስን አልደረሰውም ነበርና ከነአሮጌ ኖራው ተተወ።

የቀለሙ ሽታ ቤቱን ሞላው። የአቶ በላይነህ አልጋ ያለው ፊት ለፊት በኩል፣ በመስኮቱ ሥር ነው። ሌባ ከገባ ወዲህ ወንደሰን ባሠራው የብረት ፍርግርግ በኩል መንገደኛውን ሲያዩ ነው የሚውሉት።

«ምን… ቀባችሁት?» አሉ።

«ዘይት ቀለም፣ አባባ።»

ደህናውን እጃቸውን ሰደው ከውስጥ በኩል ግድግዳውን ዳበሱት። «እናትሽ… ብታየው» አሉ። ምን ትል እንደ ነበር አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀችም። የጠየቀች እንደሆነ መልሱን ይዛ የምትሄድበት ቦታ አልነበራትም።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት እውነትም ቤቱ አምሮ ዋለ። ፀሐዩ ሲያርፍበት ያበራል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በር ላይ ቆም ብለው «ይህስ የሰው ቤት ነው!» ብለው ግድግዳውን መታ መታ ሲያደርጉ፣ ወንደሰን ከኋላ ሆኖ ዘርትሁንን ጠቀሳት። አቶ በላይነህ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በትራስ ተደግፈው፣ የልጅ ልጃቸውን እየተንተባተቡ ሲመርቁ ያላለቀሰ አልነበረም። ዘርትሁን ሳህን ስታቀርብና ሳህን ስታነሣ ዋለች። ማምሻውን እንግዶቹ ሲሄዱ ወንድሟን በሩ ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ የሩታ ነገር አለቀ። የትምህርት ቤቱን ነገር…»

«አለቀ? ገና ሠርግ አለብን እኮ!» ትከሻዋን አቅፎ ሳማት። «ጥር ይለፍ፤ ቃሌ ነው።»

ክረምቱ ገባ። በዚያ ተዳፋት ላይ ክረምት ሲገባ ጋራው ከነባሕር ዛፉ በጉም ይዋጣል፤ ሰው ቤቱ ይከተታል። ለዘርትሁን ክረምትና በጋ ልዩነት የላቸውም ነበር፤ ዘንድሮ ግን ቤቱ ራሱ የጠበበ መሰላት። ሐምሌ ጋመስ ሲል በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮቱ በላይ፣ ቀለሙ ሲያብጥ አየች። መጀመሪያ የእንቁላል ያህል ነበር። ሲሰነብት እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። በመርፌ ወጋ ብታደርገው ቡናማ ውኃ እየተንዠቀዠቀ ወረደ። ደነገጠች። ደፋር ሆና ሌላውን ወጋችው፤ ያም እንዲሁ።

ስልክ ደወለች።

«ዝናብ ነዋ፣ ዘርዬ» አላት ወንደሰን። «ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል።»

«በየት በኩል ይደርቃል? ቀለሙ አፍኖታል። ከውስጥ በኩል ጭቃው ሊጥ ሆኗል፤ ጣቴን ስሰደው ይገባል። የአባባን አልጋ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌዋለሁ። ቀለሙ ቢፋቅ፣ ጣሪያው ላይ ሸራ እንኳ ቢደረግበት…»

«አዲስ ቀለም ፋቂ ትይኛለሽ? ሰው ምን ይለናል? መስከረም ይጥባ፤ ባለሙያ አመጣለሁ።»

ስልኩን ዘጋችና ግድግዳውን አየችው። ከውጭ ሲያዩት አሁንም ያምራል። ያበጠውን ካላዩ በቀር መንገደኛ ሁሉ ይመርቀዋል። ውስጡ ግን ዓመት ዓመት ያስወጣው የነበረውን ውኃ ዘንድሮ መውጫ አጥቶ ተሸክሞ ቆሟል። አንድ ቀን ማንንም ሳትጠይቅ ቢላዋ አንሥታ መፋቅ ጀምራ ነበር። አንድ ክንድ ያህል ከፋቀች በኋላ አስያ ከማዶ «እትዬ ዘርትሁን! ምን ሆነሽ ነው በዝናብ?» ብላ ስትጮህ፣ ራሷን በሰው ዓይን አየችው፤ እርጥብ ሻርፕ ለብሳ የሰው ቤት የምታበላሽ ሴት። ቢላዋውን ይዛ ገባች። ቤቱ የአባቷ ነው፤ ቀለሙ የወንድሟ ነው። የእሷ የሆነው ውስጡ መኖሩ ብቻ ነበር።

ነሐሴ ላይ በሩ ማስቸገር ጀመረ። መዝጊያው ከመቃኑ ጋር ይያያዛል፤ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። እንጨቱ አብጦ ነው ብላ ጠርዙን ሳሙና ቀባችው። ያበጠው እንጨቱ እንዳልሆነ፣ ግድግዳው ቀስ እያለ ወደ መቃኑ እየተጫነ እንደሆነ ያወቀችው በኋላ ነው።

የበረዶው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። አቶ በላይነህን አብልታ አፋቸውን እያበሰች ሳለ ሰማዩ ጠቆረና በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበው ገባ። አንዱ የሌላውን ድምፅ መስማት አልተቻለም። ከክፈፉ በኩል ውኃ በመስመር መውረድ ሲጀምር ባልዲ ለማምጣት ተነሣች። ያን ጊዜ ከግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ቋሚ እንጨት ሲሰበር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ሰምታ አታውቅም፤ ግን አወቀችው። ከመስኮቱ በላይ የነበረው ጭቃ ዘንበል አለ፤ ስንጥቁ ከጣሪያ እስከ በሩ መቃን ተተረተረ።

በሩን ገፋችው። አልተነቃነቀም። በትከሻዋ መታችው፤ በእግሯ መታችው። መቃኑ ጎብጦ መዝጊያውን ጨምድዶ ይዞታል። ቤቱ ሌላ በር የለውም፤ ማድ ቤቱ ለብቻው በጓሮ ስለሆነ ወደ እሱ የሚወጣውም በዚሁ በር ዞሮ ነው። መስኮቱ ላይ ብረቱ አለ። ፍርግርጉን በሁለት እጇ ይዛ «አስያ! አስያ!» ብላ ጮኸች፤ በረዶው ድምፅዋን ዋጠው። ስልኳን አንሥታ ደወለች። አስያ በሁለተኛው ጥሪ ላይ አነሣች።

«ባልሽ ቤት ነው? በሩ ተዘግቶብናል፤ ግድግዳው እየመጣ ነው!»

ወደ አልጋው ተመለሰች። ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ለማራቅ አልጋውን ከነአባቷ እየጎተተች ወደ ኋለኛው ግድግዳ አስጠጋችው፤ ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው አታውቅም። አቶ በላይነህ ዓይናቸውን ከስንጥቁ አልነቀሉም።

«አንቺ… ውጪ፣ ዘርዬ» አሏት።

«በየት፣ አባባ?»

«እኔን… ተይኝና ውጪ።»

«በየት ልውጣ?» ድምፅዋ ሳታስበው ወደ ላይ ወጣ። «በሩ እኮ ለእኔም ነው የተዘጋው! ለእኔም ነው!»

በአባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከስንጥቁ የሚወርደውን ጭቃ እያየች፣ በልቧ አንድ ነገር አለፈ፤ ይምጣና ይጨርሰን፣ ሁለታችንም እንገላገል። አሳቡ የእሷ መሆኑን ስታውቅ አፈረች። አባቷ ደህናውን እጃቸውን ሰደው እጇን ያዙ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርድ ነበር።

«የዘጋሁብሽ… እኔ ነኝ» አሉ። «በሩ አይደለም።»

አይደለም ልትላቸው ትችል ነበር። አላለችም። እጃቸውን ግን አልለቀቀችም።

የአስያ ባል ሀሚድ በረዶው ራሱ ላይ እየወረደ መጣ። በያጅ ነው፤ ብረት መቁረጫውን ይዞ መስኮቱ ጋ ደረሰ። ፍርግርጉን በእጁ ነቅነቅ ሲያደርገው ግድግዳው አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ ያበጠ ቀለም ተቀዶ ጭቃ በጫማው ላይ ተደፋ። ወደ ኋላ ዘለለ።

«ብረቱን ከነካሁት ይመጣባችኋል!» ብሎ ጮኸ። «ከኋላ ልሞክር፣ እትዬ! ከኋላ!»

በጓሮ ዞረ። አስያና ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ድጅኖና ዶማ ይዘው ተከተሉት። ዘርትሁን አባቷን በጋቢ ጠቅልላ ከአልጋው ወደ ወለሉ አወረደቻቸውና ከምቱ እንዲርቁ ወደ ጥጉ ጎተተቻቸው። የኋለኛው ግድግዳ መመታት ጀመረ። የመጀመሪያው ምት እንደ ድንጋይ ነጠረ። ሁለተኛውም። ያ ግድግዳ ደረቅ ነበር፤ ከዘመናት በፊት ሁለት ሰዎች በእግራቸው የረገጡት ጭቃ ከጭዱ ጋር ተያይዞ ጠንክሯል።

«አይበገርም!» ሲል ተሰማ አንዱ።

«ምታ! ምታ!»

ከፊታቸው ያለው ለመውደቅ እየቸኮለ፣ ከኋላቸው ያለው አልወድቅም ብሎ፣ ዘርትሁን በሁለቱ መካከል ተቀምጣ አባቷን በደረቷ ደግፋ ያዘች። አቶ በላይነህ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ድጅኖው በመታ ቁጥር ፊታቸው ይጨማደድ ነበር፤ ከሕመም ይሁን ከሐዘን ለመለየት ያስቸግራል። በመጨረሻ ማገሩ ተሰብሮ የብርሃን ቀዳዳ ታየ፤ ቀዳዳው ሰፋ። የሀሚድ ሁለት እጆች ገቡ።

«አባባን አቀብይኝ!»

አቀበለቻቸው። ቀጥላ እሷ በደረቷ እየተሳበች ወጣች፤ ማገሩ ጀርባዋን ቧጨራት። ጓሮው በበረዶ ነጭ ሆኗል። ቆማ ትንፋሿን ሳትመልስ፣ ከፊት ለፊት በኩል እንደ ረጅም ማቃሰት ያለ ድምፅ መጣና የፊት ለፊቱ ግድግዳ ወደ አስፋልቱ ተጋደመ። አስያ «ያ አላህ!» ብላ አፏን ያዘች።

ወንደሰን ተደውሎለት የደረሰው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። መኪናውን መንገድ ላይ ጥሎ፣ የወደቀው ግድግዳ ፊት ቆመ። ቀለሙ አሁንም ክሬም ነበር። በሰፊው እየተገለበጠ፣ ከሥሩ ጭቃውን እንደ ቆዳ ይዞ ተዘርግቷል። ጎንበስ ብሎ አንዱን ቁራጭ አነሣ፤ ውኃ ከውስጡ ሲንጠባጠብ አየው። ከዚያ ወደ አስያ ቤት ገባ።

አባቱ ምንጣፍ ላይ፣ በደረቅ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ዘርትሁን ከአጠገባቸው ነበረች፤ ፀጉሯ ጭቃ ነው። ወንደሰን ተንበርክኮ የአባቱን ጉልበት ሳመ፤ ቀና ብሎ እህቱን ማየት አቃተው።

«በአፌ እያሸነፍኩሽ ልቀብራችሁ ነበር፤ አንቺማ ነግረሽኛል» አለ።

የአባቷን ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሳብ አደረገች።

«አሁኑኑ መሪ እንሄዳለን» አለ ቆይቶ። «ልጆቹን አንድ ክፍል አደርጋቸዋለሁ። ለአባባ የሩታ ክፍል ይሆናል። ለአንቺም እዚያው ከአልጋቸው ሥር ፍራሽ እናነጥፋለን፤ ቤቱ እስኪሠራ…»

«አባባን ውሰዳቸው» አለች ዘርትሁን። «እኔ አልሄድም።»

የገባው አልመሰለም። «እንዴት አትሄጂም? የት ልታድሪ?»

«ዛሬ እዚህ አስያ ጋ። ነገ ኮተቤ ቤት እከራያለሁ። መስከረም ሥራ እገባለሁ።»

«ዘርዬ፣ ደንግጠሻል። ትንሽ እረፊና ከዚያ በኋላ…»

«ከዚያ በኋላ የለም፣ ጋሼ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አስያ ሻይ እየቀዳች ነበር፤ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ታዲያ ማን ያጣጥባቸዋል? ማን ያገላብጣቸዋል?» አለ ወንደሰን፤ ቁጣ ሳይሆን እውነተኛ ጥያቄ ነበር። አስቦት አያውቅም።

«አንተ» አለችው።

«እኔ አልችልም እኮ! ነክቻቸውም አላውቅ።»

«እኔም ስጀምር አልችልም ነበር።»

ወንደሰን ወደ አባቱ ዞረ፤ ይገሥጹልኝ ብሎ እንደሆነ ያስታውቅበታል። አቶ በላይነህ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ቃሉ እስኪወጣ ሁሉም ጠበቁ።

«ትሂድ» አሉ። ትንፋሽ ወሰዱ። «ልጄን… ልቀቋት።»

ዘርትሁን ይህን ቃል ስትሰማ የምትደሰት ይመስላት ነበር። አልተደሰተችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ አስያ ጀርባዋን ደባበሰቻት። ወንደሰንና ሀሚድ አባቷን ተሸክመው መኪናው ውስጥ ሲያስገቡ አንገታቸውን እንዴት እንደሚይዙ ከበር ላይ ሆና ነገረቻቸው፤ ልትከተል አንድ እግሯን አንሥታ ነበር፤ መልሳ አስቀመጠችው።

ኮተቤ የተከራየችው ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ ከገቡበት ሌላ አያስገባም። መጀመሪያ ሰሞን ጎህ ሲቀድ ብድግ ትላለች፤ የሚገላበጥ ሰው የለም። እጆቿ ሥራ ያጣሉ። ትምህርት ቤት መምህራኑ የሚያወሩት ስለ ደመወዝና ስለ ታክሲ ነው፤ እሷ ግን ስለ አልጋ ቁስል ካልሆነ ወሬ የላትም። ሒሩት «ትለምጂዋለሽ» ትላታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ መሪ ትሄዳለች። አባቷ ከስተዋል። አንዳንድ ቀን «መጣሽ?» ብለው ፈገግ ይላሉ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ያን ቀን ስትመለስ ታክሲ ውስጥ የምትወርድበት ያልፋታል።

በጥቅምት አንድ ማክሰኞ ማምሻውን፣ የልጆቹን ደብተር እያረመች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ወንደሰን ነበር፤ ያለከልካል።

«ዘርዬ፣ ሸሚዝ እየቀየርኩላቸው ነው፤ ክንዳቸው አልታጠፍ አለኝ። ተቆጡ፣ እኔም ተቆጣሁ። ሚስቴ ሥራ ላይ ናት። እባክሽ ላምጣሽ? በመኪና መጥቼ ልውሰድሽ፤ ወዲያው እመልስሻለሁ።»

ዘርትሁን ብድግ አለች። ቦርሳዋን አንሥታለች፤ አንድ ጫማዋን አጥልቃለች። ሁለተኛውን በእጇ እንደያዘች ቆመች።

«የትኛውን እጅ ነው መጀመሪያ ያስገባኸው?» አለችው።

«ደህናውን፤ እሱ ይቀላል ብዬ።»

«አይደለም። አውጣው። መጀመሪያ የማይታዘዘውን ነው፤ በእጅጌው በኩል የአንተን እጅ ሰደህ መዳፋቸውን ያዝና ሳበው። ደህናውን እሳቸው ራሳቸው ያስገቡታል።»

ስልኩን የሆነ ቦታ ሲያስቀምጠው ተሰማ። ጨርቅ ተንኮሻኮሸ፤ የአባቷ ድምፅ ከሩቅ «ቀስ… ቀስ በል፣ አንተ!» አለ፤ ወንድሟ «እሺ አባባ፣ እሺ» አለ።

ዘርትሁን አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ቀጥል» አለች። «እየሰማሁህ ነው።»